ሌንሱ ውስጥ ያለው ክር

ሻጩ የእጅ ባትሪውን ከሌንሱ በስተጀርባ አብርቶ ወደ ዓይኔ ያስጠጋዋል። ከመስታወቱ ጥግ ተነስቶ ወደ መሐል የሚሳብ ነጭ ክር አለ፤ ቅርንጫፍ አውጥቷል። የማያውቅ ሰው የሸረሪት ድር ነው ይላል። እኔ ግን አውቀዋለሁ።

«ሻጋታ ነው» ይለኛል በአገሩ ቋንቋ፣ እንዲገባኝ ቀስ እያለ። «ርካሽ ያደረግሁት ለዚህ ነው። ለጓደኛህ ንገረው። ከሌሎች ሌንሶች ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ እንዳይከተው፤ ይዛመታል።»

ጓደኛዬ አይደለም። አጎቴ ነው፤ የአባቴ ታናሽ ወንድም። ሙሽሮች ፊት ቆሞ «ፈገግ፣ ፈገግ በሉ» ሲል ስለሚውል ሰፈሩ ጋሽ ፈገግ ይለዋል። ለፎቶ ቤቱ ዕቃ ሊገዛ ሰው አገር ሲመጣ ያስከተለኝ ወዶኝ አይደለም፤ ትምህርት ቤት የተማርኳት ቋንቋ ስላስፈለገችው ነው።

«ምን አለ?» ይላል ባንኮኒው ላይ ተደግፎ። «ተማሪው፣ ያ ሁሉ የዋጥከው የጠመኔ አቧራ ዛሬ ካልሠራ መቼ ሊሠራ ነው?»

መደርደሪያዎቹን አያለሁ። አዲሶቹ ካሜራዎች በመስታወት ሳጥን ውስጥ መብራት በርቶላቸው፣ ገና ምንም ሳያዩ ተቀምጠዋል። አሮጌዎቹ ከጀርባ ተደርድረዋል፤ የስንቱን ሠርግ፣ የስንቱን ሕፃን አይተው ዝም ብለዋል።

አባቴ ሲሞት ፎቶ ቤቱ ለአጎቴ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ የአባቴን ኔጋቲቮች ካርቶን ውስጥ አጭቆ ቧንቧ የሚያንጠባጥብበት ጓዳ ከተታቸው፤ ለአዲሶቹ መብራቶቹ ቦታ ጠቦት። «ጋሼ፣ እርጥበት ይበላቸዋል» ብዬው ነበር።

«የሞተ ሰው ሥራ ደግሞ ምን ይበላዋል?» ብሎ ሳቀብኝ።

ክረምቱ ሲወጣ ካርቶኑን ከፈትኩት። እናቴ መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ አባቴን እያየች የሳቀችበት አንድ ኔጋቲቭ ነበር። እሷም ከሞተች ቆይታለች፤ ሌላ ፎቶ የላትም። የፎቶ አንሺ ሚስት ፎቶ አይበረክትላትም። ይኸው ነጭ ክር ከጥግ ተነስቶ፣ ፊቷን በልቶ፣ ጭኗ ላይ ያረፈ እጇን ብቻ ተወልኝ። አጎቴ አየት አደረገና «ጣለው፣ ቤት ያሸታል» አለኝ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሆዴም ይዞ ቆየልኝ።

«ምን አለ እኮ?»

«ራስህ እየው ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

አጎቴ ዓይኑ ቅርብ ካለ ነገር ጋር ከተጣላ ሰንብቷል። የሙሽሮቹ ፊት ሲደበዝዝ ካሜራውን ይሰድባል። መነጽር አያደርግም፤ «መነጽር ያደረገ ፎቶ አንሺ ማን ያምናል?» ይላል። አሁንም ባትሪውን ከሻጩ እጅ ይቀበልና አንድ ዓይኑን እንደ አዋቂ ጨፍኖ፣ ሌንሱን ያዟዙራል። ክሩ አፍንጫው ሥር ነው። «አንተስ ምን ታያለህ?» ቢለኝ የምናገር ይመስለኛል። ጠይቆኝ ግን አያውቅም።

«ንጹሕ ነው» ይላል። «እንደ ምንጭ ውሃ።»

ሻጩ ግንባሩን ቋጥሮ ወደ እኔ ይዞራል። «ነገርከው?»

«ነግሬዋለሁ። ግድ የለም ብሏል።»

ትከሻውን ይነቀንቃል። ግን አልተዋጠለትም፤ ሌንሱን ሲያስረክብ አንድ ጣቱን አንስቶ፣ አጎቴን ዓይን ዓይኑን እያየ፣ «ለብቻው፤ እሺ? ለብቻው» ይላል።

«ጣቱን የቀሰረብኝ ምን ሆኖ ነው?»

«አንደኛ ነው እያለህ ነው።»

«አየህ፣ ሥራ የገባው ሰው ሲያጋጥም!» አጎቴ የሻጩን ትከሻ መታ መታ ያደርጋል። ሻጩ ግራ ገብቶት ፈገግ ይላል።

አጎቴ ቦርሳውን ባንኮኒው ላይ ይከፍተዋል። እንጀራው ሁሉ እዚያ ነው፤ ከሩቅ የሚስበው ትልቁ ሌንስ፣ ሠርገኛውን ሁሉ የሚሰበስበው ሰፊው፣ ከጥጉ ደግሞ ፊት ብቻ የሚያነሳባት ትንሿ የአባቴ ሌንስ፤ ጠርዟ ላይ አባቴ በሚስማር የጫራት መስመር አለች። አጎቴ አዲስ ግዢውን መሐላቸው ይሸጉጠዋል።

«ይቺ አሮጌ አዲሱን እንዳትቧጭርብህ፣ ጋሼ» እላለሁ። ድምፄ እንደሚያስተረጉም ሰው ነው። «እኔ ልያዛት?»

«ያዛት፣ ያዛት። እንዲያውም ከእንግዲህ የኔ ናት በል። የአባትህ አይደለች?»

ዕቃ የገዛ ሰው ደስታ ቸር አድርጎታል። ይህን ቃል ጓዳው ሳይሻግት ብሎኝ ቢሆን ኖሮ። ሌንሷን አወጣና ኪሴ እከታለሁ። የቦርሳውን ዚፕ የምዘጋው እኔ ነኝ፤ እስከ መጨረሻው፣ አየር እንዳይገባው አድርጌ።

ውጭው ፀሐይ ነው። አጎቴ ቦርሳውን ለኔ አላምን ብሎ፣ ራሱ ታቅፎ ከፊቴ ይሄዳል። «ና እንጂ ተማሪው፣ ምሳ በኔ ነው። ዛሬ ቀናን።»

«መጣሁ፣ ጋሼ።»

የአባቴን ሌንስ አውጥቼ ክንዴን ዘርግቼ እይዛታለሁ። ከዓይን ሲያርቋት ዓለምን ትገለብጣለች፤ ልጅ ሳለሁ አባቴ ሲያሳየኝ ውስጧ ሌላ ከተማ የደበቀ ይመስለኝ ነበር። አሁንም ከተማው አለ፤ ጥርት ያለ፣ አውራ ጣት የሚያክል፣ ሰማዩ ከሥር። አጎቴ በእግሩ ተሰቅሎ፣ ቦርሳውን እንደ አራስ ልጅ ደረቱ ላይ ለጥፎ ይራመዳል።