ከፊልሙ የተቆረጠው ውሻ

በዚያ ዘመን ፊልም የሚሠራው በካሜራ ሳይሆን ከሰው ትዝታ ነበር። ትዝታው ፊልም ውስጥ ሲገባ ከባለቤቱ ጭንቅላት ይወጣል፤ ከፊልሙ ሲቆረጥ ደግሞ ተመልሶ ይገባል።

የኮምቦልቻዋ ተማሪ ትርሲት ለመመረቂያ ፊልሟ ከእናቷ ከብርነሽ አንድ ትዝታ ተዋሰች። አባቷ አሰግድ በጉብዝናው ወራት ብርነሽን ሊያይ አጥር ሲዘል ሱሪውን ሽቦ ይዞት ተንጠልጥሏል፤ ጥርስ የሌለው ውሻ ከሥር ሆኖ ጭራውን ይቆላለታል። ፊልሙ ሲታይ ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ።

መምህሯ ግን እንባቸውን እየጠረጉ፣ "እናትሽ ከኋላ ተቀምጠው ነበር፤ እሳቸው ብቻ ለምን አልሳቁም?" አሏት።

ትርሲት የቤታቸው ገበታ ትዝ አላት። አባቷ ይህን ታሪክ ሲያወራ ውሻውን አንበሳ ያሳክለዋል። ድሮ እናቷ አታስጨርሰውም ነበር። ትዝታውን ካዋሰቻት ወዲህ ግን ደረቷን ይዛ "ውይ የኔ ጌታ! በጣም ነከሰህ?" ትለዋለች። እሱም አንገቱን ደፍቶ ይጎርሳል።

ትርሲት ያንን ትዕይንት ቆርጣ አወጣችው። ፊልሙ ጨው የሌለው ወጥ ሆነ፤ ውጤቷም እንደዚያው እንደሚሆን አላጣችውም።

በማግሥቱ ምሳ ላይ፣ "አባዬ፣ እስቲ የውሻውን ንገረን" አለችው።

"ምን ያደርግልሻል?" ብሎ እያቅማማ ጀመረ። "ያ በሬ የሚያህል ውሻ ዘሎ..."

"ወግድ፣ ውሸታም!" አለች ብርነሽ፣ ሳቋ ትን እያላት። "'እማዬ ድረሽልኝ' እያልክ ስታለቅስ ከሽቦው ያወረድኩህ እኔ አይደለሁም?"

አሰግድ ዓይኑ እንባ ሞላ። "ተመስገን! ሰደበችኝ!"

"መምህሬ ናቸው ትዝታዋን ከፊልሙ ያስቆረጡኝ" አለች ትርሲት።

"እሁድ ምሳ ጥሪልኝ" አላት። "ለሳቸውማ በትልቁ ነው የምዋሽላቸው።"