የዓርብ ድካም

ግዙፉ ተዋጊ ዛሬም ዓርብ ሲሆን ሰይፉን ማንሳት አቃተው። አንድ ሰው ከጓደኞቹ ጋር በኮምፒውተር በሚጫወተው የጀብዱ ጨዋታ ላይ ዘንዶውን የሚገጥመው የእሱ ተዋጊ ነበር። የጨዋታው መሪ ምሕረተአብ በስልክ ጮኸበት፦ «ወይ አድነው ወይ ቀይረው፤ ልታስፈጀን እኮ ነው!»

ሰውየው ንዴቱ ገንፍሎ ለጨዋታው ፕሮግራም ሠሪዎች ጻፈ። «ተዋጊዬ ሰኞ አንበሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ግን ጉልበቱ ይከዳዋል። ፕሮግራማችሁ ተበላሽቷል፤ አስተካክሉ!»

መልሱ ብዙም አልቆየ። «ውድ ደንበኛችን፣ ፕሮግራሙ ደህና ነው። ግዙፍ ተዋጊ በየቀኑ ሥጋ ካልበላ ይደክማል። የእርስዎ ግን ረቡዕና ዓርብ ምስር ብቻ እንዲበላ ከራስዎ ኮምፒውተር ታዟል።»

ኮምፒውተሩን ከእሱ ሌላ የሚነካው አንድ ሰው ብቻ ነው። ወጥ ቤት ገባ።

«ተዋጊዬን ምስር የምታበዪው አንቺ ነሽ?»

ሚስቱ ሽንኩርት መክተፏን አላቋረጠችም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። በየዓርቡ ሸሚዝህ ክትፎ ክትፎ እየሸተተ ትመጣለህ። አንተን ማስጾም ቢያቅተኝ እሱን አስጾምኩት።»