ባለ አሥር ጭረት ቀስት

አሚስ ምድጃዋን የምታቀጣጥለው በቀይ የእንጨት ፍቅፋቂ ነበር። ባሏ ጊልበርት ከቤቱ ጀርባ ባለችው ጎጆ ተቀምጦ ይፍቃል፤ ሲጨርስ ፍቅፋቂውን በቅርጫት አምጥቶ ያስቀምጥላታል። ልብሱ ሰም ሰም ይሸታል። ምን ስትፍቅ ዋልክ ስትለው «ፍላጻ» ይላታል። ከዚያ በላይ አትጠይቀውም። መጠየቅ ከደከማት ቆይቷል።

ጊልበርት ለንጉሡ ሁለት ጊዜ ፈረንሳይ ዘምቶ ተመልሷል። አንዱ ትከሻው ከሌላው ከፍ ብሎ ቀርቷል፤ ቀስት ሲስብ የኖረ ሰው መሆኑ ከሩቅ ይታወቃል። በሦስተኛው ዘመቻ የበኩር ልጃቸውን ጀፍሪን ይዞ ሄደ፤ ብቻውን መጣ። አሚስ ከዚያ ወዲህ ያቺን ጎጆ ረግጣ አታውቅም። የጀፍሪ የልጅነት ቀስቶች የተሰቀሉት እዚያ ነው።

አሁን የቀራቸው ራልፍ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመቱ። ጊልበርት እሱንም ያሠለጥናል።

በየዓመቱ ለቅዱስ ሚካኤል በዓል ለራልፍ ካለፈው የሚከብድ ቀስት ይሠራለታል። የመንደሩ ወንድ ልጅ ሁሉ የሚያድገው እንዲህ ነው። ቀስት ሠሪው ዋይሞንድ ገመዱ ላይ የሚዛን ድንጋይ እየሰቀለ ጥንካሬውን ይለካል፤ ለእያንዳንዱ ድንጋይ መያዣው አጠገብ አንድ ጭረት ያኖራል። ዘንድሮ የራልፍ ቀስት አሥር ጭረት ደረሰ። ይህን ቀስት እስከ ጆሮ መሳብ አንድ ጎልማሳ ሰው ከመሬት እንደ ማንሳት ነው።

«ይኸውልህ» አለ ዋይሞንድ ሲያስረክብ። «ከቁመትህ ይበልጣል። ጀርባው ነጩ እንጨት ነው፣ ይለጠጣል። ሆዱ፣ ወደ አንተ የሚዞረው፣ ቀዩ ነው፤ መልሶ የሚገፋው እሱ ነው። ሰሙንም ጠጥቷል፣ አልቋል። ከእንግዲህ ስለት የሚያስነካው ካለ ከእኔ ጋር ተጣልቷል።»

«ካንተ ጋር ያልተጣላ አለ እንዴ?» አለ ጊልበርት፤ ቀስቱንም ከልጁ እጅ ወሰደው። «ነገ ትይዘዋለህ። ዛሬ እኔ ልየው።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንዶቹ ሁሉ ዒላማው ሜዳ ላይ ይሰለፋሉ። ሕግ ነው። አሚስ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ተደግፋ ታያለች። ራልፍ ባለ አሥር ጭረቱን ቀስት እስከ ጆሮው ሳበው። ሰው በአድናቆት ተንሾካሾከ። ፍላጻው ግን ከሌሎቹ ቀርቦ አረፈ። ነጭ ዘንጉ ሣሩ ላይ ብቻውን ቆሞ ይታያል።

«ራልፍ፣ ፍላጻህ ደክሞት መንገድ ላይ ተቀመጠ» አለ ጎረቤታቸው ሆብ። «ጠላ ይወሰድለት?»

«አለቃቀቅህ ነው መጥፎው» አለ ጊልበርት። «ድገም።»

ራልፍ ደገመ። ጣቶቹ እስኪደሙ ደገመ።

«የሆብን ቀስት ልሞክር አባ?»

«የሰው ቀስት አትንካ፤ ያንተንም አታስነካ። ድገም ብዬሃለሁ።»

ማታ አሚስ የአተር ሾርባውን ባሏ ፊት አኖረች።

«ለምን አትተወውም?»

«ሲለማመድ ካልታየ ይቀጡታል።»

«አንዱን ሰጠሃቸው። ሌላውንም ልትሰጣቸው ነው።»

ጊልበርት ሾርባውን ቀመሰ።

«ጨው አንሶታል» አለ።

የንጉሡ መልማይ የመጣው ዛፎቹ ቅጠላቸውን ሲያራግፉ ነው። ቀስት ይዞ መጥቷል፤ አሥር ጭረት ያለው። «የቤታችሁን ቀስት አስቀምጡት» አለ። «ብዙ ጊዜ ተታልያለሁ። ይህን የሳበ ከእኔ ጋር ወደ ፈረንሳይ ይሻገራል።»

የሆብ ሁለት ልጆች ሳቡት። እነሱንም ያሠለጠናቸው ጊልበርት ነው። ሆብ በኩራት ቆሞ አየ፤ ሚስቱ ግን ፊቷን በሻርፕ ሸፈነች።

የራልፍ ተራ ደረሰ። ገመዱ ደረቱ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። እንደገና ሞከረ። ክንዱ ተንቀጠቀጠ፣ አንገቱ ቀላ፣ ገመዱ ከደረቱ አላለፈም።

«አሥር እስባለሁ ብለህ አልነበር?» አለ መልማዩ።

«እስባለሁ ጌታዬ። በየሳምንቱ እስባለሁ።»

ሳቁበት። መልማዩ ዙሪያውን አየ። «ይህን ማነው ያሠለጠነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ጊልበርት።

መልማዩ የተዛነፈ ትከሻውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «እንዳንተ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ደካማ ያወጣል አላልኩም ነበር። በጸደይ እመለሳለሁ፤ እስከዚያ ክንድ አብቅልለት።»

ጊልበርት የራልፍን ክንድ ይዞ ወደ ቤት መራው። በሕይወቱ እንዲህ ተስቆበት አያውቅም። አሚስ ደስ አላት፤ ደስታዋን ግን ለማሳየት እንኳ ጉልበት አጣች። ጸደይ ሩቅ አይደለም።

ዋይሞንድ መንገድ ላይ ሮጦ ደረሰባቸው። አዲስ ቀስት ይዟል። «ውሰዱት፣ ከልቤ ነው። አሥራ አንድ ነው። ክረምቱን በዚህ ከሠራ በጸደይ የመልማዩን ቀስት እንደ ክር ይስበዋል።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ ጊልበርት፤ ቀስቱንም ተቀበለ።

ቤት ሲደርሱ ራልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ጊልበርት እህል ሳይቀምስ ወደ ጎጆዋ ሄደ። ወዲያው የቢላዋው ድምፅ ይሰማ ጀመር፤ ፍቅ፣ ፍቅ፣ ፍቅ።

ዛሬ እንኳ አያርፍም አለች አሚስ በልቧ። ተነሣች። ልጄን ተውልኝ ልትለው፣ ካልተወ እሷው ቀስቱን ከእሳት ልትጨምረው ቆርጣ፣ ዓመታት ሙሉ ያልነካችውን በር ገፋችው።

ጎጆዋ ውስጥ አንድም ፍላጻ አልነበረም። ጊልበርት አዲሱን ቀስት፣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ፣ ጉልበቱ ላይ አጋድሞታል። ቀዩ ፍቅፋቂ ጫማውን ሸፍኖታል። መያዣው አጠገብ ያሉት አሥራ አንድ ጭረቶች ግን እንዳሉ ናቸው። ሰሙ በገል ላይ ይቀልጣል። ቢላዋውን አቆመና ቀና ብሎ አያት።

አሚስ በሩን ከኋላዋ ዘጋችና ቅርጫቱን ከቢላዋው ሥር ያዘችለት።