ጥቁሩ ሙጫ

በዚያ ዓመት እንሰቱ ጠወለገ። ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ያወጣ ነበር። በልግም ዘገየ። ሰው ያልደረሰውን ነቅሎ በላ፤ ቀጥሎ የሚነቀል ጠፋ። እማማ ገነቴ የቆጮ ጉድጓዳቸውን ከፍተው እኩሌታውን ለጎረቤታቸው ለሶፎንያስ ሰጡ። የሶፎንያስ ልጆች በዚያ ከረሙ። ደግ ዘመን ሲመጣ ሶፎንያስ ብድሩን ሊመልስ ቆጮ ተሸክሞ ሄደ። "በክፉ ቀን የወጣ ወደ ጉድጓድ አይመለስም" ብለው መለሱት። ከዚያ ወዲህ ሶፎንያስ ከእጃቸው እህል ቀምሶ አያውቅም። ያልመለሰ ሰው እንዴት ደግሞ ይበላል?

ዛሬ እማማ ገነቴ ፎንቆ ገበያ ዳር፣ በሶፎንያስ የሬዲዮ መጠገኛ ደፍ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ጭናቸው ላይ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አለ። መጽሐፍ ቅዱስን በሀዲይኛ የምታነብላቸው ማጫወቻ ጠረጴዛው ላይ ሆዷ ተከፍቶ ተኝታለች። ወድቃ የባትሪዋ ሽቦዎች ተነቅለዋል።

"ይቺን የሰጡን ሰዎች ዳግም አልመጡም" አሉ። "እሷ ከሞተች ቤቴ ዝም ይላል።"

ሶፎንያስ ሽቦዎቹን በየቦታቸው በይዷቸዋል። የቀረው በሙጫ ማስያዝ ነው። ሁለቱ ሽቦዎች ግን ጎን ለጎን ናቸው፤ ከተገናኙ ባትሪው ይቃጠላል።

"ጥቁሩን ውሰድ!" አለ አሕመዲን፣ ከጎረቤት ሱቅ አንገቱን አስግጎ የሙጫ ብልቃጥ እያቀበለው። "ከቀፎው ጋር ይመሳሰላል። ራሴ ነኝ የቀመምኩት።"

"በምን አጠቆርከው?"

"ከሞተ ባትሪ ድንጋይ በወጣ ዱቄት። ጥበብ ነው፣ ወንድሜ!"

የሶፎንያስ እጅ ቆመ። ዱቄቱ ባትሪው ሆድ ውስጥ ሳለ ኮረንቲ ያሳልፋል። ሙጫ ውስጥ ሲገባስ ይተዋል? ፕላስቲክ ስባሪ ላይ ትንሽ ቀብቶ እስኪደርቅ ጠበቀ። ከዚያ የኮረንቲ መለኪያውን የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አስነካው።

መርፌዋ ተነቃነቀች።

"ምን አገኘህ?" አሉ እማማ ገነቴ፣ ትንፋሹን ሰምተው።

"ሙጫው ለኮረንቲ መንገድ ይሰጣል።" ወደ አሕመዲን ዞረ። "በዚህ የስንት ሰው ሬዲዮ አጣብቀሃል?"

"ኧረ የቁም ሳጥን እጀታ ብቻ!"

"እንግዲያ በእጀታው ቀጥል።"

ነጩን የሙጫ ቱቦ ከፈተ። የእማማ ገነቴ አፍንጫ ተነሣ።

"ኮምጣጤ ልትቀባት ነው እንዴ? ሰላጣ መሰለችህ?"

ሶፎንያስ ቱቦውን አሸተተ። እውነታቸውን ነው። ባለፈው ክረምት በዚሁ ያስያዘው የመዳብ ሽቦ አረንጓዴ ሆኖ ተበልቶ አግኝቶታል፤ ምክንያቱን ሳያውቅ ከርሟል። ለካ ሽቦውን የበላው የሙጫው ኮምጣጤ ነው። ቱቦውን ከደነ።

እንደ ሻማ የሚቀልጠው ዱላ ሙጫ ቀረ። ጫፉን በላይተር አሙቆ ጠብ አደረገና በረድ ሲል ለካው። መርፌዋ ዝም አለች። ደግሞ ለካው። ዝም። በሽቦዎቹ መካከል አንጠበጠበው፣ እስኪረጋ እፍ አለበት፣ ቀፎውን ገጥሞ ቁልፉን ተጫነ።

ንባቡ ከተቋረጠበት ቀጠለ። የእማማ ገነቴ ከንፈሮች አብረው መንቀሳቀስ ጀመሩ። ከዚያ ጥቅሉን ዘረጉለት።

"እንካ። እንደ ልማድህ እምቢ በል።"

ሶፎንያስ እጁን ታጠበ። ደፉ ላይ አጠገባቸው ተቀመጠ፣ ቅጠሉን ፈታ፣ ከቆጮው ቆርሶ ጎረሰ።

እማማ ገነቴ የማጫወቻዋን ድምፅ ቀነስ አድርገው ሲያኝክ አዳመጡ።