የአያት ሩዝ

ሙታን በቁራ አምሳል መጥተው የሚበሉት ሩዝ በሙዝ ቅጠሉ ላይ ደረቀ፤ ቁራዎቹ ግን ከጣሪያው አልወርድ አሉ። የሚቀረጸው ፊልም ተዋናይ እንደ ሥርዓቱ እርጥብ እጁን እያጨበጨበ የሞተችውን አያት በእንግሊዝኛ ደጋግሞ ጠራ።

«አያቴ በቋንቋዋ በማላያላም ካልተጠራች አትመጣም፤ እንግሊዝኛ መች ታውቅና» አለች ፊልሙ የተወሰደበትን፣ ስለ አያቷ የሚተርከውን መጽሐፍ የጻፈችው ዴቫያኒ።

«ኧረ እትዬ» አለ ዳይሬክተሩ እየሳቀ፣ «መጽሐፉ ላይ እንግሊዝኛ ያስወሯት እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

ዴቫያኒ እጇን ውሃ ውስጥ ነክራ አጨበጨበችና በልጅነቷ ቋንቋ «አሙማዬ፣ ነይ ብይልኝ» ብላ አያቷን ጠራች።

አንድ ቁራ ወርዶ ሩዙ አጠገብ ቆመ። አልበላም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ትክ ብሎ ተመለከታት። ከዚያም በአያቷ ድምፅ፣ እሷው መጽሐፉ ውስጥ በሰጠቻት እንግሊዝኛ፣ «ልጄ፣ ምን እንዳልሽ አልገባኝም» አላት።