ፍሬው የወጣለት ቆጭቆጫ

እናቷ ግድግዳውን ተደግፈው ከመኝታቸው ሲወጡ፣ ቃናኒ ለቆጭቆጫ ከፈጨችው ቃሪያ ለይታ ያወጣችውን ፍሬ ከወፍጮው አጠገብ አፍሳ በእጇ ጨበጠችው። ሐኪሙ ለታመመው ጨጓራቸው የሚያቃጥል ነገር ከልክሏል፤ እሳቸው ግን ያለ ቆጭቆጫ እህል አይወርድላቸውም።

አሮጊቷ የበቆሎ ቂጣ ቆርሰው ከቆጭቆጫው አጠቀሱ።

"ይሄ ቆጭቆጫ ነው ጎመን?"

"ቆጭቆጫ ነው እንጂ፣ እማ። እንደ ድሮው ከነፍሬው ነው የፈጨሁት።"

እንደገና ቀመሱ። ፈገግታቸው ጠፋ።

"የአንቺስ እጅ አይታማም። ምላሴ ነው የሞተው። አባትሽንም ሊሞት ሲል መጀመሪያ የከዳው ምላሱ ነው። ወንድምሽ ከአሶሳ ይምጣ፣ ልሰናበተው።"

እውነቱን ብትነግራቸው ፍሬውን አምጪ ይላሉ። የጨበጠችው ፍሬ መዳፏን ያቃጥላት ጀመር።

"እሺ፣ እማ" አለች፤ ጭብጧን ግን አልፈታችም።