የምታነብበት ጣት

እናት ጣቷን ከልጇ ላፕቶፕ ስክሪን ላይ እሳት እንደነካው ሰው መንጭቃ አነሳች። ማንበብ የጀመረችው ዘንድሮ ነው። በጎልማሶች ትምህርት ክፍል ውስጥ እንደለመደችው ፊደሎቹን በጣቷ እየተከተለች «አጥፋ» የሚለው ላይ ስትደርስ፣ ሲነኩት የሚታዘዘው ስክሪን እሺ ብሎ ታዘዘ። «ሲስተሙ ጠፍቷል» የሚል ጽሑፍ መጣ። እሱንም አነበበችው።

«ልጄ፣ ጉድ አፈላሁ! ሥራሽን ድራሹን አጠፋሁት!»

ልጅቷ ከወጥ ቤት እየሮጠች መጣች። ስክሪኑ ላይ ያለውን ገጽ የሠራችው የመሥሪያ ቤቷ ፕሮግራመሮች ሲስተም ለመክፈትም ለማጥፋትም እሷን ደጅ ከሚጠኑ፣ ራሳቸው ቁልፍ ተጭነው እንዲጨርሱ ነው። ነገ ጠዋት ይከፈትላቸዋል።

«አይዞሽ እማዬ፣ ይሄ የመሞከሪያው ሲስተም ነው። ግን... ምንም ሳይጠይቅሽ አጠፋው?»

«ማን ጠይቆኝ!»

የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ። ነገ የአንዱ ሰው ጣት ቢሳሳት የሚጠፋው መሥሪያ ቤቱ የሚሠራበት ዋናው ሲስተም ነበር። ቁጭ ብላ ጥቂት መስመር ጻፈችና «አጥፋ» የሚለውን ቁልፍ ራሷ ነካችው። «እስቲ አሁን አንብቢ።»

እናት ሁለት እጆቿን ከኋላዋ አቆላልፋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኗ ብቻ አነበበች።

«በእርግጥ... ይጥፋ?»

ክው አለች።

«ኧረ በፈጠረሽ፣ አይጥፋ በዪልኝ!»